ለትንሽ ክሊኒክ ባክአፕ፦ ከደረሰብን ተነስቼ

ዶክተር፣ ሦስት ኮምፒውተርና አንድ ሰርቨር ላለው ክሊኒክ ለባክአፕ (ለመጠባበቂያ ቅጂ) ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይበቃል ወይስ ክላውድ (በኢንተርኔት የሚከራይ ማስቀመጫ) ልግዛ ብለው ጠይቀዋል። መልሴ ሁለቱም ነው። ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ባክአፑ ተመልሶ ሲከፈት በዓይንዎ አይተው ያውቃሉ?

እኛ አላየንም ነበር። እኔ በምሠራበት ክሊኒክ ባክአፑ በየማታው ይወሰዳል፣ "ተጠናቋል" ይላል፣ እኛም አምነን ወደ ቤታችን እንሄዳለን። አንድ ቀን ጠዋት የሰርቨሩ ዲስክ አልነሳ አለ። ባክአፑን አወጣን። ፋይሉ አለ፣ መጠኑም ልክ ነው፣ ፕሮግራሙ ግን ሊከፍተው አልቻለም። ለካ ፋይሉ ሲገለበጥ የኖረው ዳታቤዙ (የታካሚዎቹ መረጃ የሚከማችበት) ሥራ ላይ እያለ ነው። እየተጻፈበት ያለ ዳታቤዝ እንደ ተራ ፋይል ከተገለበጠ ግማሹ የቅድሙ፣ ግማሹ የአሁኑ ሆኖ ሊበላሽ ይችላል። በዚያው ቀን አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጣች። የማይስማማው መድኃኒት የትኛው እንደሆነ ስጠይቃት "ባለፈው ጽፋችሁት የለም እንዴ?" አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ።

ስለዚህ ባክአፑ በዳታቤዙ በራሱ የባክአፕ ትእዛዝ ይወሰድ። በወር አንዴ ደግሞ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሰው ይክፈቱት። የትናንት ታካሚ ካርድ፣ አንድ የላብራቶሪ ውጤት፣ አንድ የራጅ ምስል ይፈልጉበት።

ሌላው የታወቀው የ3-2-1 ደንብ ነው፦ ሦስት ኮፒ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከግቢ ውጭ። ዲስኩን ሁለት ያድርጉትና ያፈራርቁ። አንዱ ሁልጊዜ ተነቅሎ ይቀመጥ። ይሄን አደራ እላለሁ፤ ራንሰምዌር (ፋይሎችን ቆልፎ ለመክፈት ገንዘብ የሚጠይቅ ተንኮል አዘል ፕሮግራም) የተሰካውን ዲስክ ሁሉ አብሮ ሊቆልፍ ይችላል። በ2017 እ.ኤ.አ. ዋናክራይ የተባለው ራንሰምዌር የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ሲመታ ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ተደርሷል።

ክላውድ ሲመርጡ ፎልደር ሲንክ የሚያደርገውን (ሁለቱን ቦታ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የሚያደርገውን) ከባክአፕ ጋር አያምታቱት። እዚህ የጠፋው እዚያም ይጠፋል። የድሮ ኮፒዎችን ለሳምንታት የሚያቆይ ይሁን። ራጅና አልትራሳውንድ ከባድ ስለሆኑ ኢንተርኔትዎ ቀርፋፋ ከሆነ ዳታቤዙን በየቀኑ ወደ ክላውድ፣ ምስሎቹን ወደ ዲስክ ያድርጉ፤ የምስሎቹ አንድ ዲስክ ከክሊኒኩ ውጭ ይደር። ሬይድ (መረጃውን በብዙ ዲስክ ላይ በአንድ ጊዜ የሚይዝ ዘዴ) አለን ካሉም፣ እሱ ዲስክ ሲሞት ያድናል እንጂ በስህተት የተሰረዘ አይመልስም።

ዲስኩም ክላውዱም ኢንክሪፕት ይደረግ (ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ ይመስጠር)፣ የሰው ምስጢር ነው። ቁልፉን ግን ሰርቨሩ ላይ ብቻ አያስቀምጡት። በወረቀት ጽፈው፣ ካዝና ውስጥ።

የምትጠቀሙበትን ፕሮግራም ስም ቢጽፉልኝ ባክአፑ ከየት እንደሚወሰድ አብረን እናያለን።