ሁለተኛውን ገጽ ግለጡት

ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን አንድ ወጣት መሐንዲስ ከአዲስ አበባ በቴሌግራም ጻፈልኝ። «ጋሼ፣ ማደያ አጠገብ ያለ ጉድጓድ ውሃው ነዳጅ ነዳጅ ይሸታል። ነዳጅ የሚበላ ባክቴሪያ በዱቄት መልክ ይሸጣል አሉ። የትኛውን እንግዛ?» የላብራቶሪ ውጤትም አያይዞ ልኮልኛል። ለእሱ ብቻ ልመልስለት አስቤ ነበር። ግን ይህ ጥያቄ ከሌሎቻችሁም ይመጣልና ለሁላችሁም ልጻፈው አልኩ።

ሥራዬ የተበከለ የከርሰ ምድር ውሃ ማጽዳት ነው። አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ያህል ሠራሁበት። ሰው «ምን ትሠራለህ?» ሲለኝ «ከብት አረባለሁ፣ በዓይን የማይታዩ» እላለሁ።

እናቴ ደብረ ብርሃን ላይ ጠላ ጠምቃ ነው ያሳደገችን። ጋኑን በወይራ ታጥናለች፣ ጌሾና ብቅሉን ትጠነስሳለች፣ በመጨረሻ የጋኑን አፍ በጭቃ ትመርገዋለች። እኔ ደግሞ ምርጊቱን በጣቴ ፈንቅዬ ልቀምስ ስሞክር እያዘች ኩርኩም ታቀምሰኛለች። «አየር አስገባህበት! ሊኮመጥጥብኝ ነው!» ከዓመታት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኦክስጅን ሲነካቸው ስለሚሞቱ ባክቴሪያዎች ስማር፣ ፕሮፌሰሩ ሳይጨርስ ነገሩ ገብቶኝ ነበር። ኩርኩሙ ቀድሞ አስተምሮኛል።

አሁን ስለ ጥፋቴ ላውራ።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ የተዘጋ ላውንደሪ ተሰጠኝ። በደረቅ እጥበት የሚሠራ ነበር፤ የሚያጥቡት ፐርክ በሚባል ኬሚካል ነው። ነዳጅ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ፐርክ ግን ከውሃ ስለሚከብድ እየሰመጠ ይወርዳል፣ ሸክላው ውስጥ ይሸሸጋል። ከዚያ ለብዙ ዓመታት ቀስ እያለ ወደ ውሃው ይወጣል። ፓምፕ አድርጎ መጨረስ አይቻልም።

ፐርክ በእያንዳንዱ ሞለኪውል አራት ክሎሪን ተሸክሟል። እኛ በኦክስጅን እንደምንተነፍሰው በዚህ ኬሚካል የሚተነፍሱ ባክቴሪያዎች አሉ። እየተነፈሱ ክሎሪኑን አንድ በአንድ ያራግፉታል። አራቱ ሦስት ይሆናል፣ ሦስቱ ሁለት፣ ሁለቱ አንድ፣ በመጨረሻ ባዶ። ምግባቸው ሃይድሮጅን ነው። ሃይድሮጅኑን የሚያዘጋጁላቸው ደግሞ ስኳር የሚያብላሉ ሌሎች ባክቴሪያዎች ናቸው። ስለዚህ ለእነዚያ ሞላሰስ ታጠጣላችሁ፣ እነሱ ለእነዚህ ያበስላሉ። ወንጂ አካባቢ ያደጋችሁ ሞላሰስን ታውቁታላችሁ፤ ያው ከብት የሚበላው ጥቁር ዝልግልግ ነው። እኔም በርሜል በርሜል እያስመጣሁ ወደ ጉድጓድ አስገባሁ። ውሃው ጠቆረ፣ እንደ ተበላሸ እንቁላል ሸተተ። ደስ አለኝ፤ ኦክስጅኑ አልቋል ማለት ነው።

በዘጠነኛው ወር የላብራቶሪው ውጤት መጣ። ፐርክ የለም! ሪፖርቴን ጻፍኩ፣ ለቢሮው ሰው ሁሉ ቡና ጋበዝኩ። ናሙና የሚቀዳልን አንድ ሽማግሌ ሠራተኛ ነበር። ቡናውን ጠጥቶ ሲያበቃ «ሁለተኛውን ገጽ አየኸው?» አለኝ። አላየሁትም።

ሁለተኛው ገጽ ላይ ቪኒል ክሎራይድ ነበር። ክሎሪኑ አንድ ሲቀር የሚመጣው እሱ ነው። አሜሪካ ውስጥ በመጠጥ ውሃ ላይ ለፐርክ የተፈቀደው ጣሪያ በሊትር 5 ማይክሮግራም ነው። ለቪኒል ክሎራይድ 2 ብቻ ነው፤ ካንሰር እንደሚያመጣ በደንብ የተረጋገጠ ነገር ነውና። የእኔ ጉድጓድ ውስጥ ደግሞ ከ2 በብዙ እጥፍ አልፏል። ከድጡ ወደ ማጡ። ፐርኩ የትም አልሄደም ነበር፤ ሌላ ልብስ ለብሶ እዚያው ተቀምጧል።

ምን ሆነ? የመጀመሪያዎቹን ክሎሪኖች የሚያራግፉ ባክቴሪያዎች ብዙ ዓይነት ናቸው። እስከ መጨረሻው የሚሄደው ግን በዋናነት ዴሃሎኮኮይደስ የሚባለው ወገን ነው። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች በኢታካ ከተማ ከፍሳሽ ማጣሪያ ዝቃጭ ውስጥ ነጥለው እንዳገኙት ያሳወቁት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997 ነው። (ከቆሻሻ ውስጥ የተገኘ መድኃኒት ስል የሚስቁብኝ አሉ።) እኔ ቦታ ላይ ይህ ወገን አልነበረም ማለት ይቻላል። በዚያ ላይ ሞላሰሱን አብዝቼ ውሃውን አኮምጥጬዋለሁ። እነሱ ደግሞ አሲድ አይወዱም።

ማስተካከያው ሁለት ዓመት ፈጀ። አሲዱን በሶዲየም ባይካርቦኔት አበረድን፤ ዳቦ ቤት የምታውቁት ቤኪንግ ሶዳ ነው። የጎደለው ባክቴሪያ አየር እንዳይነካው በታሸገ የብረት ዕቃ መጣ፣ በናይትሮጅን እየተገፋ ወረደ። እናቴ ብታይ «ምርጊት ነው» ትል ነበር። በመጨረሻ ሁለተኛው ገጽ ላይ ኢቲሊን ታየ፤ ክሎሪኑ ሁሉ ሲራገፍ የሚቀረው እሱ ነው። ሙዝ ሲበስል የሚያወጣው ጋዝ ነው። ያን ቀን ቡና የጋበዘኝ ሽማግሌው ነው።

ወደ ወጣቱ ጥያቄ ልመለስ። ነዳጅ ሌላ ነገር ነው። ነዳጅ የሚበላ ባክቴሪያ የሌለበት አፈር ማግኘት ይከብዳል። መግዛት አያስፈልግህም። የሚጎድላቸው ብዙ ጊዜ መተንፈሻው ነው። ኦክስጅን ሲያልቅባቸው በናይትሬት ይተነፍሳሉ፣ ከዚያ አፈሩ ውስጥ ባለው ብረት፣ ከዚያ በሰልፌት። ሚኒሶታ ውስጥ ቤሚጂ አጠገብ በ1979 አንድ የድፍድፍ ነዳጅ ቧንቧ ፈንድቶ 1.7 ሚሊዮን ሊትር ያህል ፈሰሰ። አብዛኛው ተለቀመ፤ ወደ 400 ሺህ ሊትር የሚጠጋው ግን መሬት ውስጥ ቀረ። ሳይንቲስቶች ከ1983 ጀምሮ ቦታውን እንደ ክፍት ላብራቶሪ ይከታተሉታል። እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች በአፈሩ ብረት እየተነፈሱ በውሃው የሚሟሟውን ነዳጅ ሲበሉ ታይቷል። ማንም ዱቄት አልነሰነሰባቸውም። ግን ነዳጁ ከአርባ ዓመት በኋላም አላለቀም። ይህንን ባክቴሪያ ለሚሸጥልህ ሰው ንገረው።

መጀመሪያ ታንከሩ ማፍሰሱን ማቆሙን አረጋግጥ። እያፈሰሰ ያለ ታንከር ሥር ባክቴሪያ ማርባት፣ በተቀደደ አቁማዳ እህል መስፈር ነው። ቀጥሎ የተንሳፈፈውን ነዳጅ አውጣ። አየር መንፋቱን ከዚያ በኋላ እናወራበታለን። የአዲስ አበባ ድንጋይ ደግሞ የእሳተ ገሞራ ነው፤ ውሃው በስንጥቅ በስንጥቅ ይሄዳል። አንድ ጉድጓድ ላይ ያስገባኸው አየር የት እንደሚወጣ አስቀድሞ ማወቅ ይከብዳል።

ሌሎቻችሁ ስምጥ ሸለቆ ውሃ ውስጥ ስላለው፣ ሲበዛ ጥርስና አጥንት ስለሚጎዳው ፍሎራይድም ትጠይቁኛላችሁ። እሱ ከዓለቱ የሚመጣ ንጥረ ነገር ነው። ባክቴሪያ ሰባብሮ ሊያጠፋው አይችልም። እዚያ በአጥንት ከሰል የሚያጣሩትን አግዙ።

አንተ ወጣት፣ የላክልኝን ውጤት አየሁት። ሰኔ ላይ ከፍ ብሎ የነበረው ቤንዚን የሚባለው ኬሚካል (ማደያው ከሚሸጠው ጋር በስም ቢገጥምም የነዳጁ አንድ ክፍል ብቻ ነው) ነሐሴ ላይ በግማሽ ወርዷል። ባክቴሪያ በልቶት ይሆናል። የክረምቱ ዝናብም አቅጥኖት ይሆናል። ልዩነቱ የሚታወቀው በኦክስጅኑ፣ በናይትሬቱና በሟሟው ብረት ነው። ኦክስጅንና ናይትሬት ወርደው ብረት ከጨመረ፣ እየተበላ ነው። የላክልኝ ፋይል ግን አንድ ገጽ ብቻ ነው። ሁለተኛውን ላክልኝ።