የድሮ ካርታ ይዛችሁ ከተማ ስትዞሩ

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን የገፋሁት መሬት ስለካና ካርታ ስነድፍ ነው። የምትኖሩበትን ከተማ ታሪክ ከየት እንጀምር ብትሉኝ፣ የድሮ ካርታ ፈልጉ እላችኋለሁ። አንድ ሳይሆን ሁለት፣ ቢቻል ሃያ ሠላሳ ዓመት የሚራራቁ። አንዱ ብቻውን ከተማው ያኔ ምን ይመስል እንደነበር ያሳያችኋል፤ ምን እንደደረሰበት የሚገባችሁ ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ስትዘረጉ ነው።

ስኬሉን፣ ማለትም ካርታው መሬቱን ምን ያህል አሳንሶ እንደሳለው፣ ቀድማችሁ እዩ። በ1፡50,000 ካርታ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ማለት መሬት ላይ 500 ሜትር ነው፤ እዚያ ላይ የአንድ ቤት ታሪክ መፈለግ ድካም ነው። በ1፡2,500 ላይ ግን ያችው 1 ሴንቲ ሜትር 25 ሜትር ስለሆነች አጥር ሳይቀር ይታያል። ዓመቱንም ስታዩ ካርታው የታተመበትን ሳይሆን መሬቱ የተለካበትን ፈልጉ።

ከዚያ ዓይናችሁን የማይገጥም ነገር ላይ ጣሉ። ቀጥ ቀጥ ባሉ መንገዶች መሃል አንዱ ብቻ ሲጠማዘዝ ካያችሁ አትለፉት፤ ከሥሩ የተቀበረ ወንዝ ወይም የፈረሰ ቅጥር ሊኖር ይችላል። ብራስልስ መሃል ያልፍ የነበረው የሴን ወንዝ ከ1867 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተሸፍኖ ሰፋፊ ጎዳናዎች ተዘርግተውበታል። የሮሙ ናቮና አደባባይ ደግሞ እንደዚያ ረዝሞ አንድ ጫፉ ግማሽ ክብ የሆነው፣ በዙሪያው ያሉት ቤቶች ንጉሠ ነገሥት ዶሚቲያን በአንደኛው ክፍለ ዘመን ባሠራው ስታዲየም ፍርስራሽ ላይ ስለቆሙ ነው። ጃምባቲስታ ኖሊ በ1748 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሮም ካርታ ላይ የስታዲየሙ ቅርጽ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ካርታውን ማን እንዳሠራው መጠየቅም አትርሱ። የጦር ሠራዊት ካርታ ድልድይና ኮረብታ ያጎላል፤ የግብር ካርታ ወሰን ላይ ይጠነቀቃል። እኔ በጣም የምወደው የአሜሪካውን የሳንቦርን ኩባንያ የእሳት መድን ካርታዎች ነው። መድን ሰጪው ቦታው ድረስ ሳይሄድ የቃጠሎውን አደጋ እንዲገምት የጡብ ቤት በሮዝ፣ የእንጨት ቤት በቢጫ ይቀባ ነበር። አዲስ ቤት ሲሠራም የተስተካከለ ቁራጭ ወረቀት ታትሞ በድሮው ላይ ይለጠፍ ነበር። ልጥፍ በልጥፍ ላይ ሲደራረብ ወረቀቱ ይወፍራል፤ አንድ ሰፈር ስንቴ እንደፈረሰና እንደተሠራ በጣት ዳስሶ ማወቅ ይቻላል። ድሆች የሰፈሩባቸው ጎጆዎች ግን ብዙ ካርታ ላይ አይገኙም። ባዶ ቦታ ስታዩ ሰው አልነበረም ብላችሁ አትቸኩሉ።

ወጣት ሳለሁ በነጠብጣብ የተሰመረ መንገድ አይቼ፣ ነበረ ብዬ በሪፖርት ጻፍኩ። ኋላ ካርታውን ለአንዲት አዛውንት ሳሳያቸው ጣታቸውን መስመሩ ላይ አሳርፈው፣ «ልጄ፣ ይሄ መንገድ መቼም ተሠርቶ አያውቅም፤ እዚህ ከብት እንጠብቅ ነበር» አሉኝ። መስመሩ ለካ ዕቅድ ብቻ ኖሯል። የካርታውን የምልክት መፍቻ አስተውዬ ባነብ ኖሮ እዚያው ላይ ተጽፎ ነበር። ሪፖርቱን አረምኩ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሰፈሩን በእግሬ ሳልዞርና የሚያስታውስ ሰው ሳልጠይቅ ጽፌ አላውቅም።

እናንተ ደግሞ እኛ ያላገኘነው መሣሪያ አላችሁ። ኪውጂአይኤስ (QGIS) በነፃ የሚገኝ የኮምፒውተር ካርታ ፕሮግራም ነው፤ የድሮውን ካርታ ስካን አድርጋችሁ በዛሬው የሳተላይት ምስል ላይ ታነጥፉበታላችሁ። ሁለቱን ለማግጠም የምትመርጧቸው ማመሳከሪያ ነጥቦች ከቦታቸው ያልተነቃነቁ ይሁኑ፤ የድንጋይ ድልድይ ወይም አሮጌ የእምነት ቤት ጥሩ ነው። አንድ ጥግ ላይ አታከማቿቸው፣ በካርታው ዙሪያ በትኗቸው። ወረቀት ይሳባል፣ ይኮማተራልም፤ ስለዚህ ጥቂት ሜትር ፈቀቅ ያለ አጥር ብታዩ ወሰን ተገፋ ብላችሁ አትደምድሙ።

ከቤት ስትወጡ ቅጂውን እንጂ ዋናውን አትያዙ። ሽማግሌ የነገሯችሁን እዚያው ቅጂው ጀርባ ላይ በእርሳስ ጻፉ፤ ማን እንደነገራችሁ፣ መቼና የት ቆማችሁ እንደሰማችሁ ጭምር።