ከውሃው አትውጡ

ባለፈው ሳምንት ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ስወጣ አንድ ወጣት አጥሩን ተደግፎ ቆሞ አየሁ። ሰላም አለኝና አብሮኝ ወደ ጣና ዳር ወረደ። ሥራ ፈልጎ መስሎኝ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ሲቪ የሚያስይዘኝ ልጅ አይጠፋም። እሱ ግን ሌላ ነገር ነው የያዘው። «ጋሼ፣ ስጸልይ ይብስብኛል። ሳልጸልይ እኮ ሰላም ነበርኩ» አለኝ። ከዚያ እያፈረ ሌሊት ስልኩ ላይ የሚያየውን ነገረኝ። ቤቲንግም አለበት። ካስቀደሰ ሦስት ወር ሆኖታል። «በዚህ ሰውነቴ እንዴት ብዬ እገባለሁ?» ይላል።

መንገድ ላይ የመለስኩለት ግማሹን ብቻ ነው። ቀሪውን ለእሱም ለእናንተም እዚህ ልጻፈው። ሰባኪ አይደለሁም። ዕድሜዬን ሙሉ አፈርና ሲሚንቶ ስለካ የኖርኩ ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። የማውቀውን በማውቀው ቋንቋ ነው የምነግራችሁ።

በሥራችን ኮንክሪት ሲሞላ ናሙና እንወስዳለን። አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር በአሥራ አምስት የሆነ የብረት ሳጥን አለ። ኪዩብ እንለዋለን። ኮንክሪቱን በሦስት ንብርብር እየጠቀጠቅን እንሞላዋለን። በማግሥቱ ከሳጥኑ አውጥተን ገንዳ ውሃ ውስጥ እንከተዋለን። በ28ኛው ቀን ማሽን ላይ አስቀምጠን እስኪሰበር እንጫነዋለን። ፈተና ይባላል። ሰው ኮንክሪት የሚጠነክረው ሲደርቅ ይመስለዋል። ተሳስቷል። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ከውሃው ጋር ሲዋሃድ ነው። ቶሎ የደረቀ ኮንክሪት ሲያዩት ያምራል፣ ሲጫኑት ይፈረካከሳል። ማሽኑ ደግሞ ጥንካሬ አይሰጥም። በነዚያ 28 ቀናት የተጠራቀመውን ያሳያል፣ ያ ብቻ ነው።

ይህን እያወቅኩ ለራሴ ሕይወት ሳልጠቀምበት ብዙ ዘመን ቆየሁ።

1986 ዓ.ም. ነው። ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ሆኜ ከባሕር ዳር ብዙም በማይርቅ አነስተኛ ግንባታ ላይ እሠራ ነበር። ሁዳዴ ነበር። ያን ዓመት አጥብቄ ጾምኩ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም፤ ይህንንም ሰው እንዲያውቅልኝ እወድ ነበር። ፋሲካ ሊደርስ ሲል የሥራ ተቋራጩ ፖስታ ሰጠኝ። «ለበዓል መዋያ» አለኝ። አምስት መቶ ብር ነው። ያኔ የወር ደመወዜን ይጠጋል። ምንም አልጠየቀኝም። በማግሥቱ ግን የክፍያ ሰነዱ ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። የሰሌክት ማቴሪያሉ፣ ማለትም ለመሙያ የሚመጣው የተመረጠ አፈር፣ መጠን እኔ ከለካሁት በአንድ መቶ ሜትር ኪዩብ ይበልጣል። ብዕሬን አነሳሁ። እጄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ፈረምኩ።

በዚያ ብር በግ ገዛሁ። 55 ቀን ጾሜ በጉቦ በግ ገደፍኩ።

እስከ ዛሬ የሚያስደንቀኝ መፈረሜ ሳይሆን የፈረምኩበት ቅለት ነው። ያን ቀን የተሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳስበው ሽንፈቱ የቆየ ነው። የጸሎት መጽሐፌን አቧራ ከሸፈነው ቆይቷል። ንስሐ አባቴን የማያቸው ቤት መጥተው ጠበል ሲረጩ ብቻ ነው፤ ቡና ጠጥተው ይሄዳሉ። ውጪዬ ጾመኛ፣ ውስጤ ያለ ውሃ የደረቀ ኮንክሪት። ፖስታው ማሽኑ ነበር።

ሰው ስንሆን «ሰይጣን አሳሳተኝ» ማለት ይቀለናል። ሰይጣን የለም አላልኩም። ግን ሐዋርያው ያዕቆብ እያንዳንዱ የሚፈተነው በራሱ ምኞት ሲሳብና ሲታለል ነው ይላል። አምስት መቶውን ብር የፈለግሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ከፊርማው የባሰ ነው። አፈርኩ። ማስቀደስ ተውኩ። እዚህ ላይ ነው ያ ልጅና እኔ የምንገናኘው። መጀመሪያ ፈታኙ «ምን አለበት፣ አድርገው» ይላል። ካደረጋችሁት በኋላ ድምፁን ይቀይርና «አንተማ አልቆልሃል» ይላል። ሁለተኛው ፈተና ትሕትና ስለሚመስል ሰው አይነቃበትም። «አይገባኝም» ማለት እኮ ጨዋነት ይመስላል። ናሙናው ደካማ ነው ብሎ ከገንዳው የሚያወጣው የትኛው ባለሙያ ነው? ካወጣችሁትማ ጥንካሬው እዚያው ላይ ይቆማል።

በዚያው ዓመት ለሥራ ዘጌ ሄጄ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ገባሁ። ግድግዳው ላይ በላዔ ሰብእ ተሥሏል። ታሪኩን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ 78 ነፍስ በልቶ፣ በእመቤታችን ስም ለተጠማ ሰው በሰጠው ጥርኝ ውሃ ሚዛኑ ያጋደለለት ሰው ነው። ያን ቀን ግን ሥዕሉ ፊት ብዙ ቆምኩ። አንድ አረጋዊ መነኩሴ መጥተው ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ከፖስታው በስተቀር ሁሉንም አወራኋቸው። እሳቸው ሳቁና፣ «እኔንማ አርባ ዓመት ገዳም ኖሬ የሚያሸንፈኝ የጎረቤቴ ሳል ነው። ሌሊት ባሳለ ቁጥር እናደዳለሁ። ሲነጋ ሄጄ እግሩ ላይ እወድቃለሁ። ማታ ደግሞ ያስላል» አሉኝ። ጾር፣ ማለትም መንፈሳዊ ፈተና፣ የሚነሣው ከተማ ላይ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ከዘጌ ስመለስ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ስግደት ያዙኛል ብዬ ተዘጋጅቻለሁ። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ገንዘቡስ?» የሚል ሆነ። በልቼዋለሁ አልኳቸው። «እንግዲያው ከደመወዝህ መልስ። ያንንም ወረቀት አስተካክል» አሉኝ። ስግደቱ ቀላል ነበር። ብሩን ለተቋራጩ መልሼ፣ ከቀጣዩ ክፍያ ላይ አንድ መቶውን ሜትር ኪዩብ ቀንሼ ስጽፍ ግን ላብ አሰመጠኝ። ሰውየው ለወራት አኮረፈኝ። ስሜም በየቢሮው «ደረቅ» ተባለ። ከዚያ በኋላ ፖስታ አልመጣም ብላችሁ እዋሻለሁ። መጥቷል። አንድ ጊዜማ ልወስደው እጄን ዘርግቼ ነበር።

ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። ስትጸልይ ለምን ይብስብሃል? ጌታ ራሱ በዮርዳኖስ ተጠምቆ እንደወጣ የሄደው ወደ ምድረ በዳ ነው፤ እዚያም ተፈተነ። «ሳልጸልይ ሰላም ነበርኩ» ያልከው ሰላም፣ ማንም ስላልጫነህ ነው። ያልተጫነ ኪዩብ ሁሉ ጠንካራ ይመስላል።

ስለ ስልኩ ብዙ ፍልስፍና የለኝም። ዮሴፍ ከጲጥፋራ ሚስት ጋር ቆሞ አልተከራከረም፤ ልብሱን ጥሎ ሮጠ። አንተም ከመኝታህ በፊት ስልኩን ሌላ ክፍል ቻርጅ ላይ ተወው። ለማንቂያ የምትጠቀምበት ከሆነ ገበያ ወርደህ ሰዓት ግዛ። የቤቲንጉን አካውንት ዝጋው፤ መዝጋት ካቃተህ የምታምነው ሰው እያየህ ዝጋው። ፈተናው ሲመጣ ረጅም ጸሎት አትፈልግ። ጴጥሮስ ውሃው ላይ መስጠም ሲጀምር «ጌታ ሆይ፥ አድነኝ» ብቻ ነው ያለው። ደግሞም ለንስሐ አባትህ ንገር። እሳቸው የማያውቁት ነገር ነግረህ የምታስደነግጣቸው እንዳይመስልህ።

ከወደቅክም በማግሥቱ ሂድ። ደጅ መቆም ከሆነም ደጅ ቁም፤ ከአጥሩ ግን ግባ። ምሳሌ ላይ «ጻድቅ ሰባት ጊዜ ይወድቃልና፥ ይነሣማል» ይላል። እኔ ሰባትን ካለፍኩ ቆይቻለሁ።

እኔም ብሆን አልጨረስኩም። ከጎረቤቴ ጋር በጎርፍ መውረጃ ቦይ ተጣልተን ከተኳረፍን ክረምቱ አለፈ። ቦዩን የለካሁት እኔ ነኝ፣ ልኬም ትክክል ነው። ሆኖም እሑድ ልቆርብ ስለማስብ ንስሐ አባቴ መጀመሪያ ታረቅ ብለውኛል። ሦስት ቀን ሙሉ ምክንያት ስደረድር ቆየሁ። ይህን ደብዳቤ መጻፌም አንዱ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። አሁን የጎረቤቴ በር ቆርቆሮ ሲንኳኳ ሰማሁ፣ ከገበያ ገብተዋል። ነጠላዬን ላንሳና ልሂድ።