አንጎላችሁ ላይ ሽቦ ከመግጠማችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ከአያት ኮንዶሚኒየም ወዲህ ወዲያ የምትኖሩ ተማሪዎች አልፎ አልፎ ቤቴ ብቅ ትላላችሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንደዚህ የሚያስደስተኝ ነገር የለም። ሰሞኑን የመጣው ጥያቄ ግን አሳስቦኛል። ከመካከላችሁ አንዱ ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ ሁለት ሽቦና በጨው ውሃ የራሰ ስፖንጅ ይዞ መጣና «ጋሼ፣ ይሄን ግንባሬ ላይ ባስረው ለማትሪክ ይጠቅመኛል?» አለኝ። ለእሱ የነገርኩትን ለሁላችሁም ልጻፈው።

ነገሩ ከባዶ የተነሳ አይደለም። በ2000 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር ጎቲንገን ውስጥ ኒቼና ፓውሉስ የተባሉ ተመራማሪዎች 1 ሚሊአምፒር የሚሆን ደካማ ኤሌክትሪክ በራስ ቆዳ በኩል አሳለፉ። እንቅስቃሴን የሚያዘው የአንጎል ክፍል ንቃቱ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል እንደሚችልም አሳዩ። ኤሌክትሪኩ የነርቭ ሕዋሱን መልእክት እንዲልክ አያስገድደውም። ለመላክ ያለውን ዝግጁነት ትንሽ ይቀይረዋል እንጂ። አብዛኛው ደግሞ ቆዳና የራስ ቅል ላይ ይቀራል።

እኔን ዕድሜዬን ሙሉ ያስደነቀኝ ሌላኛው መንገድ ነው። በ1985 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ሼፊልድ ውስጥ አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ አንጎልን በማግኔት አነቃቁ። ኮይሉን፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ማግኔት የሚሆነውን የሽቦ ጥቅል፣ ከግራ ጆሮ በላይ ወደ አናት ጠጋ አድርገው ያስቀምጡታል። በኮይሉ ውስጥ ለቅጽበት ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ያልፍና «ጠቅ!» ይላል። በዚያው ቅጽበት የቀኝ አውራ ጣት ብድግ ትላለች። ሰውዬው አላዘዛትም፣ ማንም አልነካትም። መልእክቱ ከአንጎል ተነስቶ፣ በአከርካሪ አልፎ፣ እጅ ላይ ለመድረስ የሚፈጅበት 20 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ከዚያ በጣም ከዘገየ መንገዱ ላይ የሆነ ቦታ ጉዳት አለ ማለት ነው። ይሄ መሣሪያ መጀመሪያ ያገለገለው እንዲህ ለመለካት ነበር። አሜሪካ ውስጥ ለድባቴ ሕክምና የተፈቀደው ዘግይቶ፣ በ2008 እ.ኤ.አ. ነው።

አሁንም ቢሆን ለድባቴ ግንባር አካባቢ ሲሰጥ፣ መጠኑ የሚወሰነው አስቀድሞ ያቺን አውራ ጣት ለማነቃነቅ ቢያንስ ምን ያህል የማግኔት ኃይል እንደሚበቃ ታይቶ ነው። ምክንያቱም ለአንዱ የሚበቃው ለሌላው አይበቃም። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ማስታወስ እንደ አውራ ጣት ብድግ አይልም። ግንባርህ ላይ ሽቦ አስረህ «ዛሬ ጭንቅላቴ ቀለል አለኝ» ብትለኝ፣ ባትሪው ይሁን ቡናው ወይስ ተስፋህ፣ አንተም እኔም አናውቅም።

ጉዳቱም ቀልድ አይደለም። ስፖንጁ ሲደርቅ ኤሌክትሪኩ አንድ ነጥብ ላይ ተሰብስቦ ቆዳ ያቃጥላል። ባትሪና ሽቦ ብቻውን ደግሞ የሚያልፈውን መጠን አይቆጣጠርም። በ2016 እ.ኤ.አ. በርካታ የዘርፉ ተመራማሪዎች ቤታቸው ለሚሞክሩ ሰዎች ግልጽ ደብዳቤ ጽፈው ነበር። ኤሌክትሪኩ ከስፖንጁ ሥር ያለውን ቦታ ብቻ እንደማይነካ፣ አንዱን ችሎታ ሲያሻሽል ሌላውን ሊጎዳ እንደሚችል አስጠንቅቀዋል። ማግኔቱም አልፎ አልፎ፣ በጣም ጥቂት ሰው ላይ፣ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያስነሳ ይችላል። ለዚህ ነው ሐኪሙ አስቀድሞ «የሚጥል በሽታ አለብህ? ጭንቅላትህ ውስጥ ብረት አለ?» ብሎ የሚጠይቀው። ድባቴ የያዘው ጓደኛ ካላችሁ በእናታችሁ፣ ሽቦ አትፈልጉለት። ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።

ይሄን ሁሉ የምለው ከዘርፉ እንድትሸሹ አይደለም። ግቡበት! ኤሌክትሪክ ምህንድስና የምታጠኑ፣ ፊዚዮሎጂን አብራችሁ አንብቡ። ሕክምና የምትማሩ፣ ፊዚክስን አትናቁ። ስታቲስቲክስ ደግሞ ለሁላችሁም ግዴታ ነው።

ሥራው ደግሞ ደጃችሁ ድረስ አለ። የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚያነቡት ኮፍያዎች በብዛት የተሠሩት ለስስና ለዞማ ጸጉር ነው። ጎፈሬና ሹሩባ ላይ ኤሌክትሮዱ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን ከራስ ቆዳ የሚቀበለው ጫፍ፣ ቆዳ አይነካም፣ ስለዚህ እንደኛ ዓይነት ጸጉር ያላቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ከጥናት ይቀራሉ። ይሄ ያንገበግበኛል። ሹሩባው ሳይፈታ ቆዳውን የሚያገኝ ኤሌክትሮድ ከእናንተ ውስጥ አንዷ ብትሠራ፣ ደስታዬን አልችለውም። ጸጉር እንዴት እንደሚከፈል፣ መስመሩ የት ሲወጣ ቆዳው እንደሚገለጥ ሰፈራችሁ ያለችው ሹሩባ ሠሪ ከእኔ በላይ ታውቃለች። ንድፉን ከመጀመራችሁ በፊት እሷ ዘንድ ሄዳችሁ ስትሠራ ተመልከቱ።