ለአዳር ተረኞች፦ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ስለሚከፈተው ምሳ ዕቃ

ልጆቼ፣ አዲስ የተቀጠራችሁ ነርሶች፣ ኢንተርኖችና የላብራቶሪ ባለሙያዎች፣

እኔ በውስጥ ደዌ ዋርድ ብዙ አዳር የሠራሁ ነርስ ነኝ። የአዳር ሥራ ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ እንቅልፍ ነው። እኔ ስለ ምግብ ሰዓት ልጻፍላችሁ። ስኬጁሉን የምታወጣው የዋርዱ ኃላፊ ሄድ ነርሷ ናት፤ የምትበሉበት ሰዓት ግን ባብዛኛው በእጃችሁ ነው።

የዋርዱን ሌሊት ታውቁታላችሁ። የ6 ሰዓቱ መድኃኒት ተሰጥቶ፣ ቫይታል ሳይን (ግፊት፣ ትኩሳት፣ የልብ ምት) ተመዝግቦ ትንሽ ጋብ ሲል 9 ሰዓት ይሆናል። ያኔ ነው ምሳ ዕቃው የሚከፈተው፦ የቀዘቀዘ ፍርፍር፣ አስታማሚ «ሲስተር፣ በሞቴ ቅመሽ» ብላ ያስቀመጠችው ድፎ፣ ከዚያ ስኳሩ የበዛ ሻይ ወይ ለስላሳ። (አስታማሚን እምቢ ማለት ይከብዳል፤ እኔ አመስግኜ ተቀብዬ ለጠዋት አስቀምጠው ነበር።)

ሌሊት ሜላቶኒን የሚባለው ሆርሞን ከፍ ሲል ቆሽት የሚያመነጨው፣ የደም ስኳርን የሚያወርደው ኢንሱሊን ይቀንሳል። ስለዚህ ያው ፍርፍር ቀን ከሚበላው ይልቅ ሌሊት ሲበላ የደም ስኳርን ከፍ አድርጎ ያቆየዋል። አንድ ሌሊት ምንም አያመጣም፤ ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ ግን ሌላ ነው። ከ177 ሺህ በላይ አሜሪካውያን ሴት ነርሶችን ተከታትሎ በ2011 የወጣ ጥናት፣ ፈረቃ እየቀያየሩ 20 ዓመትና ከዚያ በላይ አዳር የሠሩት በዓይነት 2 የስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው አዳር ካልሠሩት በ58 በመቶ በልጦ አግኝቶታል። የክብደት መጨመር ሲታሰብለት ቁጥሩ ወደ 24 በመቶ ይወርዳል። ጉዳቱ በአብዛኛው በክብደት በኩል ነው የሚገባው ማለት ነው።

እኔን ያሳመነኝ ግን በ2021 የታተመ ትንሽ ሙከራ ነው። 19 ጤነኛ ወጣቶችን በቤተ ሙከራ እንደ አዳር ሠራተኛ አደረጓቸው። ሌሊትም የበሉት አማካይ የደም ስኳራቸው በ6.4 በመቶ ሲጨምር፣ ቀን ብቻ በበሉት ላይ ጭማሪ አልታየም። 19 ሰው ጥቂት ነው፤ ቢሆንም ምክሩ ምንም አያስወጣም።

ዋናውን ራት ከመግባታችሁ በፊት፣ ምሽት 1 ሰዓት ገደማ ብሉ። ሌሊት ከራባችሁ የተቀቀለ እንቁላል ወይም አንድ እፍኝ ቆሎ ይበቃል። ለስላሳው ይቅር። ቡና ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ አትጠጡ፤ ከደማችሁ ቶሎ ስለማይወጣ ጠዋት አልጋ ላይ ሲያገላብጣችሁ ይቆያል። ኢንሱሊን የምትወጉ ወይም ነፍሰ ጡር የሆናችሁ ግን ሐኪማችሁን ሳታማክሩ ምግብ አትዝለሉ። ደመወዙን ስለማውቀው ተደራቢ ዱቲ (ተጨማሪ ተረኝነት) አትያዙ አልላችሁም፤ ቢያንስ አዳር ላይ አዳር አትደርቡ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሌሊቱን ሙሉ የሰው ስኳርና ግፊት ስንለካ አድረን የራሳችንን አንለካም። የሚለካም ብዙ ጊዜ ከአዳር ወጥቶ፣ ሌሊት የበላው ሳይፈጭ ነው፤ ያ ውጤት የጾም ስኳር አይባልም። በዕረፍታችሁ ቀን፣ ሌሊቱን ተኝታችሁ፣ ቢያንስ 8 ሰዓት ምንም ሳትቀምሱ ተለኩ። 126 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በሌላ ቀን ድገሙት። ከ100 እስከ 125 ከሆነም ወረቀቱን ኪሳችሁ አትክተቱት፤ ለሐኪም አሳይታችሁ አዳራችሁ እንዲቀነስ ሄድ ነርሷን ጠይቁ።