ካውያው ይፈተግ ወይስ ይተው?

ጥያቄ፦ ከአያቴ የወረስኩት የናስ የከሰል ካውያ አለኝ። ሆዱ ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈ የካውያ ማስታወቂያ አገኘሁ። ሁለቱንም ለአካባቢ ታሪክ ስብስብ ልሰጥ ነው። ካውያውን በሎሚና በአመድ ፈትጌ ላብራው? የተቀደደውን ወረቀትስ በፕላስተር ልለጥፈው?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! ሎሚውን ያስቀምጡት። ናስ መዳብና ዚንክ ነው፤ አሲድ ሲበዛበት ዚንኩ እየወጣ ላዩ ወደ ቀይ ያደላል፣ አመዱ ደግሞ የተቀረጸውን እየሞረደ ይሄዳል፣ የዕቃውን ማንነት የምትናገረው ግን ብዙ ጊዜ ያቺው በጭንቅ የምትታይ የፋብሪካ ምልክት ናት። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉ፣ በቃ። ሲይዙትም ጓንት ያድርጉ፤ የጣት ላብ ናስ ላይ አሻራ ትቶ ይቀራል። የውስጡ ጥላሸት አይነካ። ካውያው ሥራ ላይ እንደነበር የሚመሰክረው እሱ ነው።

የእኔ ልብ ግን ወረቀቱ ላይ ነው (ካውያው ይቅር ይበለኝ)። እስቲ በማጉያ መነጽር ይዩት። የማስታወቂያው ሥዕል የተሠራባቸው ጥቃቅን ነጠብጣቦች እኩል እኩል በረድፍ ከተደረደሩ ሥዕሉ ከፎቶ ተወስዶ የታተመ ነው። ዝብርቅርቅ ካሉና ቀለሞቹ ከተደራረቡ ግን በድንጋይ የታተመ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ሊቶግራፊ የሚባለው፣ አሎይስ ሴኔፌልደር በ1790ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀርመን ውስጥ የፈለሰፈው ዘዴ ነው፣ በኋላ ባለቀለም ሲሆን ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ድንጋይ ይዘጋጅ ነበር።

ፕላስተር ግን አደራ! ሙጫው ቢጫ ሆኖ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል። አሲድ በሌለው ወረቀት መሃል ያስገቡት። የት እንደተገኘም በሌላ ወረቀት ጽፈው ሁለቱን አንድ ላይ ያስረክቡ።