«ምንም አልሆንኩም ልጄ»

ጥያቄ፦ «የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። እናቴ 79 ዓመቷ ነው። የመርሳት በሽታው ሲጠናባት፣ ሌሊት ከቤት ወጥታ ፖሊስ ካመጣት በኋላ ነርሲንግ ሆም (የአዛውንቶች መንከባከቢያ) አስገባኋት። አምስት ወር ሆናት። እኔ ሁለት ሥራ ነው የምሠራው። መጀመሪያ አካባቢ ደህና ነበረች። አሁን ግን ከስታ ቀሚሷ ሰፍቷታል። ባለፈው ሳምንት የላይኛው ክንዷ በልዞ አየሁ። ነርሷን ስጠይቃት "ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ስለምትወስድ ነው" አለችኝ። እማዬን ስጠይቃት "ምንም አልሆንኩም ልጄ፣ አንቺ ብቻ ደህና ሁኚልኝ" ትላለች። እዚያ የምትሠራ አንዲት ሐበሻ ደግሞ "የእማማን ዳይፐር ማታ ማታ ቶሎ አይቀይሩም፤ ስሜን ግን እንዳታነሺ" አለችኝ። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ "እናታችንን አውጥተሽ ጣልሻት" ብሎ ካኮረፈኝ ቆይቷል። ይሄን ብነግረው ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። ብናገር ደግሞ እሷ ላይ ይወጡባታል ብዬ ፈራሁ። እንቅልፍ አጣሁ። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉም በፊት ያ የበለዘ ክንድ ዛሬ ነገ የሚባል ጉዳይ አይደለም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው በትንሽ ነገር ይበልዛል። ነርሷ ያለችሽ እውነት ሊሆን ይችላል። ግን አዛውንቶች ሲደናቀፉ ወይም ከአልጋው ብረት ጋር ሲጋጩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው ከክርን በታች ወይም እግራቸው ነው። የላይኛው ክንድ፣ ጆሮ፣ አንገት ወይም ጀርባ ሲበልዝ መጠየቅ አለበት። የጣት ቅርጽ ካለው ሰው አጥብቆ ይዟቸው ሊሆን ይችላል። ፎቶ አንሺው። ቀኑንና ሰዓቱን ጻፊ። ሐኪም እንዲያያቸው፣ ያየውንም መዝገባቸው ላይ እንዲያሰፍር ጠይቂ። አሁኑኑ የሚያሰጋ ነገር ካየሽ ወደ ድንገተኛ አደጋ ስልክ 911 ደውዪ፤ ማንንም አታስፈቅጂ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ነርሷ ያንን ስትልሽ ምን መለስሽላት? ደብዳቤሽ ላይ የለም። ዝም ያልሽ ይመስለኛል። ዝም ያልሽው ግን አምነሻት አይመስለኝም። «እናቷን ሰው ቤት የጣለች ሴት ምን አፍ አላት» የሚል ድምፅ ውስጥሽ አለ። ድምፁ የወንድምሽ ነበር። አሁን ያንቺ ሆኗል።

ይህን በሥራዬ ደጋግሜ አየዋለሁ። ጥፋተኛ ነኝ ብሎ የሚያስብ ልጅ ነርሲንግ ሆም የሚገባው አንገቱን ደፍቶ ነው። ለሠራተኞቹ ምስጋና ያበዛል። አምባሻ ይዞ ይሄዳል፣ ትራሱን ያስተካክላል። ብርድ ልብሱን ግን ገልጦ አያይም፣ ቢያይ የሚያገኘውን ስለሚፈራ። አንዳንዱ መሄዱ ራሱ ስለሚያመው ከሳምንት ወደ ሁለት ሳምንት፣ ከዚያም ወደ ወር ያርቀዋል። ቸልተኛ ሠራተኛ ደግሞ የትኛው አልጋ ጠያቂ እንደሌለው ለማወቅ ጊዜ አይፈጅበትም።

እናትሽ ሌሊት መንገድ ላይ የተገኙ ሰው ናቸው። ሁለት ሥራ እየሠራሽ ሃያ አራት ሰዓት ልትጠብቂያቸው አትችይም ነበር። አገር ቤት እናት ሲያረጁ የሚይዛቸው አንድ ሰው ብቻ አልነበረም። የእህት ልጅ አለች፣ የቤት ሠራተኛ አለች፣ ጎረቤት አለ፣ የንስሐ አባት ብቅ ይላሉ። አንቺ የእነዚህን ሁሉ ሥራ ብቻሽን እንድትሠሪ ነው የተጠየቅሽው። ነርሲንግ ሆም ማስገባት መጣል አይደለም። አስገብቶ ዘወር ብሎ አለማየት ወደ መጣል ይጠጋል። አንቺ ደግሞ አይተሻል፣ ለዚህም ነው የጻፍሽልኝ።

«ምንም አልሆንኩም» ስለሚሉት ነገር። የእናትሽ ትውልድ ሕመሙን ለልጅ አይነግርም። ችሎ ማለፍን ክብር አድርጎ ነው ያደገው። በዚያ ላይ የመርሳት በሽታ ሲጠና ኋላ የተማሩት ቋንቋ ቀድሞ ይጠፋል፤ የሚቀረው የልጅነት ቋንቋ ነው። እናትሽ ትንሽ እንግሊዝኛ ከነበራቸውም አሁን ላይኖራቸው ይችላል። ሌሊት «ውኃ» ብለው ቢጣሩ ማን ይሰማቸዋል? ስለዚህ «ምን ሆንሽ?» አትበያቸው፣ መልሱን ታውቂዋለሽ። ትንንሽ ነገር ጠይቂ። ማታ ማን አስተኛሽ? እጇ ለስላሳ ነው? ስትጠሪ ማን ይመጣል? ሠራተኞቹ ሲገቡ የእናትሽን ፊት እዪ። የሆነውን ነገር ረስተውት እንኳ ፍርሃቱ ውስጣቸው ይቆያል። አንዷ ስትገባ የሚሰበሰቡ፣ እጃቸውን ብርድ ልብስ ውስጥ የሚደብቁ ከሆነ በአፋቸው ካሉሽ ይልቅ ያንን እመኚ።

ስትሄጂ ቅባት ይዘሽ ሂጂ። እጃቸውን፣ እግራቸውን፣ ጀርባቸውን ቀቢያቸው። ደስ ይላቸዋል፣ አንቺም ሰውነታቸውን ታያለሽ። ተረከዛቸውን፣ ዳሌያቸውን፣ የጀርባቸውን ታችኛ አጥንት በደንብ እዪ። ከመተኛት ብዛት የሚመጣው ቁስል የሚጀምረው እዚያ ነው። ይህን በተለይ ለእኛ ሰው እነግራለሁ። «ቆዳው ሲቀላ» የሚለው ምክር የተጻፈው ለነጭ ቆዳ ነው። በጥቁር ቆዳ ላይ ቅላቱ ላይታይ ይችላል። ቦታው ከአካባቢው ጠቆር ወይም ወይን ጠጅ ይላል፣ ሲነኩት ይሞቃል ወይም ይጠነክራል። በእጅሽ ዳስሺው። ራሳቸው መገላበጥ የማይችሉ ሰው በሽንት በራሰ ዳይፐር ሌሊቱን ካደሩ ቆዳው በጥቂት ቀን ይላጣል።

መክሳታቸው ያሳስበኛል። የክብደት መዝገባቸውን ጠይቂ፤ መመዘን ግዴታቸው ነው። በአንድ ወር 5 በመቶ፣ ወይም በስድስት ወር 10 በመቶ መቀነስ አሳሳቢ ተብሎ ምክንያቱ መመርመር ያለበት ነው። 60 ኪሎ ለነበረ ሰው በወር 3 ኪሎ ማለት ነው። እናትሽ ጿሚ ናቸው? ረቡዕና ዓርብ ሥጋና ወተት የቀረበበት ሳህን መጥቶ እንዳለ ይመለሳል፤ ወረቀቱ ላይ «አልበላም አለች» ተብሎ ይጻፋል። ብዙ ነገር ረስተው ጾማቸውን የማይረሱ እናቶች አሉ። ለምን እንደማይበሉ የጠየቀ ሰው ከሌለ ያም ቸልተኝነት ነው። ሁልጊዜ የሚያንቀላፉ ከሆነም የሚወስዱትን መድኃኒት ዝርዝር እንዲሰጡሽ አድርጊ። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ድርጅት ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጡ መድኃኒቶች የመርሳት በሽታ ላለባቸው አዛውንቶች የሞት አደጋን እንደሚጨምሩ እ.ኤ.አ. በ2005 አስጠንቅቋል። ሰውን ዝም ለማሰኘት ብቻ መስጠት አይፈቀድም።

«እሷ ላይ ይወጡባታል» የሚለው ፍርሃትሽ ተገቢ ነው፣ አላቃልለውም። ግን እስከ አሁን ዝም ብለሻል፣ እሳቸውም እየከሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ለነርሲንግ ሆም ነዋሪዎች መብት ሰጥቷል፤ ከበደል የመጠበቅ፣ ያለ ሕክምና ምክንያት በማሰሪያም ሆነ በመድኃኒት ያለመታሰር፣ የበቀል ቅጣት ሳይፈሩ አቤት የማለት። በሜዲኬር ወይም በሜዲኬይድ፣ ማለትም በመንግሥት የሕክምና መድን፣ የሚሠራ ቤት በደል ተፈጽሟል የሚል አቤቱታ ሲደርሰው በ2 ሰዓት ውስጥ ለስቴቱ ማሳወቅ አለበት። ስለዚህ አቤቱታሽን በጽሑፍ አድርጊው። ቅጂውን አንቺ ያዢ። የእንክብካቤ ዕቅድ ስብሰባ ይጠራልኝ በያቸው። አስተርጓሚም ጠይቂ፣ ክፍያ የለውም።

ከቤቱ ውጭ የሚያግዝሽም አለ። በየስቴቱ የነርሲንግ ሆም ነዋሪዎች ኦምቡድስማን አለ። እኛ «እንባ ጠባቂ» ብለን የተረጎምነው ማለት ነው። አገልግሎቱ ነፃ ነው፣ ያለ ፈቃድ የአቤት ባዩን ስም አያወጡም። በ1-800-677-1116 ብትደውይ ያንቺን አካባቢ ያገናኙሻል። በደል መፈጸሙን ካመንሽ ደግሞ ለስቴቱ የጤና ክፍልም አቤት በይ፤ ቤቱን የሚፈትሹት እነሱ ናቸው።

የዚያችን ሐበሻ ልጅ ስም አታንሺ። ምናልባት ያንን ክፍል ብቻዋን የያዘችበት ሌሊት አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ያሰባሰባቸው ጥናቶች እንደሚሉት በእንክብካቤ ተቋማት ከሚሠሩ 3 ሰዎች 2ቱ ባለፈው አንድ ዓመት በአዛውንቶች ላይ አንድ ዓይነት በደል መፈጸማቸውን ራሳቸው ተናግረዋል። በደል ሲባል ዱላም አለ፣ መጮህም አለ፣ እየተጠሩ አለመምጣትም አለ። ብዙውን ጊዜ ከድካምና ከሰው ማነስ ጋር የተያያዘ ነው። እውነት ለመናገር በነዚያ ቤቶች የእኛ ሰዎች ብዙ ናቸው፣ አብዛኞቹም የሰው እናት እንደ እናታቸው የሚይዙ ናቸው። በይሉኝታ «የአገሬ ልጅ ናት፣ እንጀራዋን አላበላሽም» ብሎ ዝም ማለት ግን አይሠራም። የነገረችሽን በዓይንሽ እዪ። ሳትደውዪ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሂጂ። ሌላ ቀን ጠዋት፣ ሽፍት ሲቀያየር ሂጂ። ዳይፐሩን ራስሽ አረጋግጪ። ያኔ የምታመለክቺው ባየሽው ነው፣ ስሟ አያስፈልግሽም። እሷም በሕግ የማሳወቅ ግዴታ እንዳለባት በፍቅር ንገሪያት።

ቀጥሎ ወንድምሽ። ደውለሽ «ጥፋተኛ ነኝ ወይ?» ብለሽ ፍርድ አትጠይቂው። ሥራ ስጪው። በየቀኑ በቪዲዮ ለእናቱ ይደውል። በአማርኛ ምን እንደበሉ ይጠይቃቸው፣ ፊታቸውን ይይ፣ አንገታቸውን ይይ፣ ያየውን ይጻፍልሽ። አሥራ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ የሚናገር ሰው አንዳንዴ የሚጮኸው የሚሠራው ስለሌለው ነው። ምናልባት አሁንም ይቆጣሽ ይሆናል። ስልኩን አትዝጊበት። አንቺ ማታ ከሥራ ስትወጪ እሱ ጋ እየነጋ ነው። ደብተርሽን አውጪና ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር የጻፍሽውን አንብቢለት፤ ከዚያ የሱን ሰዓት ጠይቂው፣ እናታችሁን ስንት ሰዓት ላይ እንደሚደውልላቸው።